የካሜራ ሚሞሪ ካርድ አያያዝና ፎቶግራፍን ወደ ኮምፒዩተር የማስተላለፍ ዘዴ

መግቢያ



ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ሲወጡ ከጠመኔውና ከትምህርት ዝግጅት ማስታወሻው ጋር አብሮ የሚጓዝ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ካሜራ ወይም ካሜራ ያለው ስልክ ነው። ከአጅባርም ሆነ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የደረሰ ሰልጣኝ ፎቶ የሚያነሣለት ነገር አያጣም። ተማሪዎች በጭቃ የሠሩትን የመልክዓ ምድር ሞዴል፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል፣ የዳሱን ክፍል፣ ዳርና ዳሩ የተበላውን የትምህርት ቤቱን አሮጌ መዝገብ ያነሣል። በቦረናና በሳይንት በኩል ባለው ብሔራዊ ፓርክ ዳር ያለፈ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮን ያነሣል፤ ዕድል ከቀናው ቀይ ቀበሮንም ያገኛል። ይህ ሁሉ ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ከመጽሐፍ ሥዕል የሚበልጥ መርጃ መሣሪያ ነው። ተማሪው የራሱን አገር ያያልና።

ችግሩ የሚመጣው ከተመለሱ በኋላ ነው። ካርዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ወይም ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ሰው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥም ያገኘውን ቁልፍ ይጫናል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ? በካርድ ነገር ግን አፍሶ መልቀምም የማይቻልበት ጊዜ አለ።

በዚህ ጽሑፍ ልናስጨብጥ የምንፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ካርዱ ራሱ በመበላሸቱ ከሚጠፋው ፎቶ ይልቅ ካርዱ ከተበላሸ በኋላ በሚደረግ ጥድፊያ የሚጠፋው ይበዛል። ስለሆነም ችግር በታየ ጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ እጅን መሰብሰብ ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል ለመረዳት ግን ካርዱ ፎቶውን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ እንጀምር።

1. ሚሞሪ ካርድ ምንድን ነው?

ፊልም የሌለው የመጀመሪያው ካሜራ በኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ በስቲቨን ሳሰን እጅ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሠራ። ያ ካሜራ አንዱን ፎቶ በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ የካሴቱን ቦታ የያዘው ሚሞሪ ካርድ ነው። በብዛት የምናየው ኤስ.ዲ. የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ይህን ደረጃ ሳንዲስክ፣ ቶሺባና ዛሬ ፓናሶኒክ የሚባለው ማትሱሺታ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጡት። ትልቁ ካርድ 32 ሚሊ ሜትር በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በስልክ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ማይክሮ ኤስ.ዲ. ደግሞ 15 በ11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጣት ጥፍር ያህል መሆኑ ነው።

በካርዱ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ቢሊዮን ክፍሎች ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል የኤሌክትሪክ ሙላት ይይዛል፤ ሙላቱ እንዳያመልጥም ዙሪያውን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ተከቧል። ካርዱ ከካሜራው ወጥቶ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ፎቶው የማይጠፋው ስለዚህ ነው። ሆኖም ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ እየተጻፈበትና እየተሠረዘ በሄደ ቁጥር ክፍሎቹ ያረጃሉ። ሁለተኛ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ ሙላቱ ቀስ በቀስ ያመልጣል። በመሆኑም ካርዱን እንደ አቁማዳ እንጂ እንደ ጎተራ ልናየው አይገባም። አቁማዳ እህሉን ከአውድማ ወደ ቤት ያደርሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን እህል በአቁማዳ አይቀመጥም።

ካርድ በምን ያህል ይመጠናል? የመጀመሪያዎቹ ኤስ.ዲ. ካርዶች እስከ 2 ጊጋባይት ይይዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኤስ.ዲ.ኤች.ሲ. እስከ 32 ጊጋባይት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤስ.ዲ.ኤክስ.ሲ. ደግሞ እስከ 2 ቴራባይት ይዘልቃል። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 16 ጊጋባይት ካርድ ወደ 4,000 ፎቶ ይይዛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። 16 ተብሎ የተገዛው ካርድ ኮምፒዩተር ላይ 14.9 ሆኖ ሲታይ «ሻጩ ሰረቀኝ» ማለት አይገባም። ፋብሪካው አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥራል። 16 ቢሊዮንን ለዚህ ቁጥር ብናካፍለው 14.9 እናገኛለን። ልዩነቱ የአቆጣጠር ብቻ ነው።

2. መዝገብና መቀመጫ

ፎቶ በካርድ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ለመምህር ከክፍል የቀረበ ምሳሌ የለምና በክፍል እንመስለው።

ካርዱን አንድ ትልቅ የመማሪያ ክፍል ነው እንበል። ብዙ ቁጥር የተሰጣቸው መቀመጫዎች አሉት። ከበሩ አጠገብ ደግሞ መዝገብ አለ። መዝገቡ «እገሌ ከቁጥር 40 እስከ ቁጥር 55 ተቀምጧል» ይላል። ካሜራው ፎቶ ሲያነሣ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፎቶውን በመቀመጫዎቹ ላይ ያስቀምጣል፣ በመዝገቡም ላይ ይጽፋል።

አሁን አንድ ፎቶ ብንሠርዝ ምን ይሆናል? ካሜራው የሚነካው መዝገቡን ብቻ ነው። በስሙ ላይ ምልክት ያደርግና «መቀመጫው ክፍት ነው» ብሎ ይመዘግባል። ተማሪው ግን ገና ከመቀመጫው አልተነሣም! እዚያው ቁጭ ብሏል፤ በመዝገብ ስለሌለ ብቻ የሚጠራው የለም። የሚነሣው ሌላ አዲስ ተማሪ መጥቶ በላዩ ሲቀመጥ ነው።

ካርድ በካሜራ ወይም በፍጥነት ፎርማት ሲደረግም ባብዛኛው የሚሆነው ይኸው ነው። አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፈታል እንጂ መቀመጫዎቹ አይጠረጉም። በኮምፒዩተር የሚደረግ ሙሉ ፎርማት ግን ሌላ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት መቀመጫዎቹን በሙሉ በዜሮ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

እንግዲህ «እጅን መሰብሰብ» ያልነው ምክንያቱ ግልጽ ሊሆን ይገባል። መዝገቡ ቢቀደድ እንኳ ተማሪዎቹ በየቦታቸው እስካሉ ድረስ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። በዚያ ካርድ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ማንሣት ግን አዲስ ተማሪ ማስገባት ነው። ማንን እንደሚያስነሣም አናውቅም።

3. ዋና ዋና ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሀ. «ካርዱ ተቆልፏል» ሲል። በትልቁ ኤስ.ዲ. ካርድ ግራ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች አለች። ወደ ታች ስትሆን ካርዱ ይቆለፋል፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ብዙ ጊዜ ካርዱ ሲገባና ሲወጣ በራሷ ትንሸራተታለች። ወደ ላይ መመለስ ይበቃል። ተንሸራታቿ ተሰብራ ከወደቀች ክፍተቱን በቀጭን ፕላስተር መሸፈን ይረዳል።

ይህች ተንሸራታች ለክፉ ቀንም ትጠቅማለች። ካርዳችንን በማናውቀው ኮምፒዩተር ውስጥ ልናስገባ ስንል፣ ለምሳሌ ፎቶ ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ስንወስደው፣ አስቀድመን ብንቆልፈው አብዛኞቹ ካርድ ማንበቢያዎች ቁልፉን ያከብራሉ። ፎቶው ይገለበጣል፤ ቫይረስ ግን አይገባም፤ በስሕተት መሠረዝም ሆነ ፎርማት ማድረግ አይቻልም። ማይክሮ ኤስ.ዲ. ካርድም በትልቁ ማቀፊያ ውስጥ ሲገባ በዚሁ መንገድ ይቆለፋል።

ለ. ኮምፒዩተሩ ካርዱን ጨርሶ ሳያየው ሲቀር። መጀመሪያ ካርዱ ተበላሽቷል አይባል። ነገሩን በተራ መለየት ያስፈልጋል። ካርዱን ወደ ካሜራው መልሰን ፎቶዎቹ ይታያሉ? የሚታዩ ከሆነ ካርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ከማንበቢያው ወይም ከኮምፒዩተሩ ነው። ማንበቢያው አሮጌ ከሆነ ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ካርድ ላያነብ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ካሜራውን በራሱ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማገናኘት ነው። በካሜራውም የማይታይ ከሆነ የካርዱን ወርቃማ መስመሮች እንመልከት። የአገራችን አቧራ ቀላል አይደለም። መስመሮቹ በደረቅና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ተብለው ይጠረጋሉ። በምራቅ ማራስ፣ በቢላ መፋቅ፣ በቀሚስ ጠርዝ ማሸት፣ ኧረ ይቅር!

ሐ. «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ። መልሱ «አይደረግ» ነው። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ መዝገቡን ማንበብ ሲያቅተው ነው። ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ትልልቆቹ ኤስ.ዲ.ኤክስ.ሲ. ካርዶች ኤክስ ፋት በተባለ የመዝገብ አሠራር ይሠራሉ፤ እንደ ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ያለው አሮጌ ሲስተም ደግሞ ማሻሻያ ካልተጫነለት ይህን አያውቀውም። እንዲህ ከሆነ ካርዱ ምንም አልሆነም፤ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል።

ሁለተኛው፣ መዝገቡ በእርግጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ካሜራው ገና እየጻፈ ሳለ ካርዱ ከተነቀለ ወይም ባትሪው ካለቀ መዝገቡ በግማሽ ይቀራል። እዚህ ላይ የእኛ ደጋ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ የማለዳ ውርጭ የካሜራ ባትሪ ኃይሉ ይደክማል፤ በመጠለያ ሳለ ግማሽ ያህል የነበረው ባትሪ ሜዳ ላይ ሲወጣ በድንገት ይዘጋል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪን በውስጥ ኪስ፣ ከገላ አጠገብ መያዝ ይመከራል። የደከመው ባትሪም ሲሞቅ ጥቂት ኃይል ይመለስለታል። ካሜራው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ሳለ ካርዱን መንቀል ክልክል ነው። መብራቷ መጻፌን አልጨረስኩም እያለች ነውና።

መ. ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት ሲለወጡ። ይህ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየኮምፒዩተር ክፍሉ የሚዛመት ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሾርትከቱን መክፈት ቫይረሱን ማስነሣት ነው፤ ስለዚህ አይከፈት። ፎቶዎቹ ባብዛኛው እዚያው አሉ። በዊንዶውስ ፎልደር ማሳያ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ያስፈልጋል። እነዚህ ቫይረሶች ፎልደሩን የሲስተም ፋይል አስመስለው ስለሚደብቁት የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችም እንዲታዩ መደረግ አለበት። ፎልደሮቹ ሲታዩ ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ንጹሕ ኮምፒዩተር ገልብጦ፣ መድረሳቸውንም አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ካርዱን ፎርማት ማድረግ ይቻላል።

ሠ. ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሲሆን ወይም አልከፈት ሲል። አንዱ ምክንያት ግልበጣው መቋረጡ ነው። መብራት በመሐል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ዋናው ፎቶ በካርዱ ላይ ካለ እንደገና መገልበጥ ነው። ሌላው ምክንያት ሐሰተኛ ካርድ ነው። አንዳንዱ በርካሽ የሚሸጥ ካርድ ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፍበታል፤ ውስጡ ግን የሚይዘው 8 ብቻ ይሆናል። እስኪሞላ ድረስ ደህና ይሠራል፤ ከሞላ በኋላ የሚነሣው ፎቶ ስሙ ይመዘገባል እንጂ መቀመጫ የለውም። ስለዚህ አዲስ ካርድ ገዝቶ በቀጥታ ለቁም ነገር ማዋል አይገባም። በቅድሚያ አፍ ድረስ ሞልቶ፣ ከመጨረሻዎቹ ፋይሎች ጥቂቱን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ሻጩ ዘንድ ለመመለስም የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።

ረ. ፎቶዎቹ ሳይጠፉ «ሲጠፉ»። ይህ ችግር የእኛው የኢትዮጵያውያን ነው። ካሜራ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው። አንድ ሰልጣኝ ቀን ሙላ ሲባል 2018 ብሎ ቢሞላ ካሜራው ከሰባት ዓመት በፊት የነበረውን የፈረንጆች 2018 ይዞ ይሄዳል። ፎቶዎቹ በቀን ተራ ሲደረደሩ ከአሮጌዎቹ ሥር ይወሸቃሉ፤ ባለቤቱ ግን ከላይ ከላይ ፈልጎ «ጠፉብኝ» ይላል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለካሜራው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የእኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ለካሜራው 9 ሰዓት ነው። በተጨማሪም ባትሪው ለረጅም ጊዜ ከወጣ ቀኑ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳልና ለልምምድ ከመውጣት በፊት ቀኑን ማየት ነው።

ሰ. ከስልክ የወጣ ካርድ ሌላ ቦታ አልነበብ ሲል። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ አንዳንድ ስልኮች ካርዱን የውስጥ ማስቀመጫቸው አካል እንዲያደርጉት ይፈቅዳሉ። እንዲህ የተደረገ ካርድ በምስጢር ቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉም ያለው በዚያው ስልክ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተር «ፎርማት ይደረግ?» ይላል፤ እናንተ «አይደረግ» በሉ። ካርዱን ወደ ስልኩ መልሶ ፎቶዎቹን በገመድ ማውጣት ነው መድኃኒቱ።

4. የማስተላለፉ ቅደም ተከተል

ችግር ከመምጣቱ በፊት ሥርዓት ይዞ መሥራት ይሻላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስድስት ደረጃዎች ሳይዘለሉ በተራ ይፈጸማሉ።

አንደኛ፣ ካሜራውን መዝጋት፣ ካርዱን ማውጣት፣ መቆለፍ፣ ከዚያም በማንበቢያው ማስገባት። ካሜራው ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ እንደሆነ በቦርሳው ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። አለዚያ እንፋሎት ወደ ውሃ ተለውጦ በሌንሱና በመስመሮቹ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ አዲስ ፎልደር መክፈት። ስሙ ዓመቱን ቀድሞ ቢጽፍ ተራውን ይይዛል፤ ለምሳሌ «2018-03-12 አጅባር የሒሳብ ልምምድ»። ለየቀኑ የየራሱ ፎልደር ያስፈልጋል። ምክንያቱም ካሜራ ለፎቶ የሚሰጠው ስም ተራ ቁጥር ነው፤ ብዙ ካሜራዎችም ካርዱ ፎርማት ሲደረግ እንደገና ከ0001 ሊጀምሩ ይችላሉ። የዛሬውን 0001 ትናንት የነበረው 0001 ባለበት ፎልደር ውስጥ ብናስገባ ኮምፒዩተሩ «ልተካው?» ይላል። «አዎ» ከተባለ የትናንቱ ሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በካርዱ ላይ ዲ.ሲ.አይ.ኤም. የሚባለውን ፎልደር ከፍቶ ፎቶዎቹን በሙሉ መምረጥና ኮፒ ማድረግ። ከት አይደረግም። በከት እያዛወርን ሳለ መብራት ቢጠፋ ከፊሉ እዚህ ከፊሉ እዚያ ሆኖ ይቀራል። በኮፒ ግን ዋናው በካርዱ ላይ እንዳለ ነው። ጊዜ የሚወስድ ከሆነም ትዕግሥት ነው፤ 2 ጊጋባይት በሴኮንድ 5 ሜጋባይት በሚያነብ አሮጌ ማንበቢያ ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

አራተኛ፣ መቁጠር። በካርዱ ያለው 312 ፎቶ ከሆነ በኮምፒዩተሩም 312 መሆን አለበት። ቁጥሩ ቢገጥምም ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ጥቂቱን በሙሉ ስፋት ከፍቶ ማየት ይገባል። ትንሹ ምስል ደህና ሆኖ ዋናው የተበላሸበት ጊዜ አለና።

አምስተኛ፣ ሁለተኛ ቅጂ ማድረግ። በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ላይ ይሆናል፤ ይህንም ከኮምፒዩተሩ ራቅ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በቴሌግራም መላክም ይቻላል። ነገር ግን እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ስለሚያንስ ለሕትመት አይሆንም፤ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ካርዱን በሥርዓቱ አስወጥቶ ወደ ካሜራው መመለስ፣ ቁልፉን መፍታት፣ ከዚያም በራሱ በካሜራው ፎርማት ማድረግ። ካሜራው መዝገቡን በሚያውቀው መንገድ ያዘጋጀዋልና በኮምፒዩተር ከማድረግ ይመረጣል። ይህ የሚደረገው አምስቱ ከተፈጸሙ በኋላ ብቻ ነው።

በስልክ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ስልኩ በገመድ ተገናኝቶ ፎቶው ካልታየ በመጀመሪያ ስክሪኑን ከፍቶ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን መምረጥ ነው። ይህም ካልሆነ ገመዱን መለወጥ ነው። ብዙ ገመድ ባትሪ ይሞላል እንጂ ፋይል አያሳልፍም።

5. የጠፋውን ስለ መመለስ

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ፎቶው ቢጠፋስ? ወይም ካርዱ ከነጭራሹ ፎርማት ተደርጎ ቢገኝስ? ተስፋ አይቆረጥም። ካርዱ ወዲያው ከካሜራው ይወጣል፤ ይቆለፋል፤ በወረቀት ተጠቅልሎ «እንዳይነካ» ተብሎ ይጻፍበታል።

ለዚህ ሥራ ፎቶሬክ የተባለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም መዝገቡን አይጠይቅም፤ መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ያያል። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ አጀማመሩ የታወቀ ስለሆነ ፕሮግራሙ በዚያ ምልክት ለይቶ ያወጣዋል። ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ የተገኘው ፎቶ መቀመጥ ያለበት በኮምፒዩተሩ ላይ ነው። በዚያው ካርድ ላይ ማስቀመጥ የቀሩትን በራስ እጅ ማጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ በመዝገቡ ስለነበረ የድሮው ስም አይመለስም። የተነሣበት ቀን ግን በፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ በዚያ መልሶ መደርደር ይቻላል።

የማይመለስም አለ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በላዩ ሌላ ፎቶ የተጻፈበት አይመለስም። በሙሉ ፎርማት የተጠረገ አይመለስም። ካርዱ ሲገባ የሚግል ወይም የተሰነጠቀ ከሆነም ፕሮግራም አይረዳውም፤ ደጋግሞ መሞከርም ይጎዳዋል።

6. ለምን ይህን ያህል እንደክማለን?

«አንድ ፎቶ ቢጠፋ ሌላ ይነሣል» የሚል ይኖራል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ሰሌዳው ነገም አለ። አንዳንዱ ግን አይደገምም።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በደቡብና በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ መጻሕፍቶቻቸውና ሰነዶቻቸውም ጠፍተዋል። የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ሲጠፋ የተማሪው የዓመታት ልፋት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ ያን መዝገብ በካሜራ ያነሣና በሁለት ቦታ ያስቀመጠ መምህር ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

በዚሁ በደቡብ ወሎ ያለው መቅደላም ይህንኑ ያስተምረናል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ብዙ የብራና መጻሕፍትን ወሰደ። ከእነዚህም በርካታዎቹ ዛሬ በለንደን በብሪትሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ያን ጊዜ መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጂ የሚኖረው ጸሐፊ ወራት ተቀምጦ በእጁ ሲገለብጠው ብቻ ነበር። ቅጂ ያልነበረው መጽሐፍ ሲወሰድ እዚህ የቀረ ነገር አልነበረም።

ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራው ሥራ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳየናል። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተቀዱ። ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥ አልተደረገም። በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪልም ተቀመጠ። እነዚህን ቅጂዎች አጥንተው ካታሎግ ካዘጋጁት መካከል በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ስማቸው የሚጠቀስ ነው። ያኔ ለዚህ ሥራ ልዩ ካሜራ፣ ፊልምና ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ሰልጣኝ በኪሱ በያዘው ዕቃ ብዙውን መሥራት ይችላል። የሚያስፈልገው ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ በሥርዓት ማንሣትና በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የዘረዘርነውን ባጭሩ ስናስቀምጠው የሚከተለው ነው። ካርድ ማድረሻ ነው፤ ማስቀመጫ አይደለም። ፎቶ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ከመዝገብ ነው፤ ከመቀመጫው የሚነሣው በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የእኛ ነው፤ በዚያ ጊዜ ምንም ያልጻፈበት ሰው ፎቶውን የማግኘት ተስፋ አለው። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ?» ሲባል «አይደረግ»፣ «ልተካው?» ሲባል «አትተካ» እንበል። ከዚያ አረፍ ብለን ነገሩን በተራ እንለይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰልጣኝ ፎቶዎቹን በስሕተት ከሠረዘ በኋላ በዚያው ካርድ ሃያ አዲስ ፎቶ አነሣ። ከድሮዎቹ የተወሰኑት ብቻ ሊመለሱ የቻሉት ለምንድን ነው? በመዝገብና በመቀመጫ ምሳሌ አስረዱ።

2. 8 ጊጋባይት የተባለ ካርድ በዊንዶውስ ላይ ስንት ሆኖ ይታያል? ስሌቱን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

3. ካርዱ በካሜራው ላይ ይታያል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን አይታይም። ምክንያቱን ለመለየት የምትከተሉትን ቅደም ተከተል ጻፉ።

4. ለልምምድ በምትሄዱበት ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ቅጂ የሌለው፣ ቢጠፋ የማይተካ ምን ሰነድ አለ? ማንን ማስፈቀድ ይገባል? ቅጂዎቹስ በየትኞቹ ሁለት ቦታዎች ቢቀመጡ ይሻላል?

መልሶቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ብትሰጡን የተሻሉትን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። በካርድ ጉዳይ የገጠማችሁና መፍትሔ ያገኛችሁለት ችግር ካለም አካፍሉን። አንዱ ያወቀው ለሁሉም ይጠቅማልና።